የአባባ መዝሙሮችና የኮምፒውተሩ በሽታ

ለምወድህ ወንድሜ ለባሮክ ዋቅጅራ፣

የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ ባሮክዬ? የጁባ ሙቀት እንዴት አደረገህ? ወባውስ ለቀቀህ? ሥራህስ፣ እንቅልፍህስ፣ አብረውህ ያሉት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ክረምቱ ገና ሳይገባ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጨክኖብናል፤ ቢሆንም የታመመ የለም። አባባም ቁስላቸው ደርቆ አጥሚትና ሾርባ መዋጥ ጀምረዋል። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ፣ የቀረውን ስታነብ ልብህ ወደ ክፉ እንዳይሄድ ነው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር፤ ግን ድምፅህን ስሰማ ማልቀሴ ስለማይቀር ተውኩት። የጎረቤታችን ልጅ ሁሴን ወደዚያው ስለሚመለስ ይህን ደብዳቤ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ።

አባባ ለጉሮሯቸው ኦፕራሲዮን ሊገቡ ሲሉ፣ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እንደማይመለስ ቁርጡን ነግሮን እንደነበር ታስታውሳለህ። ባለቤቴ ዮፍታሔ ያን ሰሞን አንተ ስትሄድ በተውክልን ኮምፒውተር ላይ ማይክራፎን ሰክቶ፣ አባባ ወለጋ ወንጌላዊ ሆነው በእግራቸው ሲዞሩ የደረሷቸውን መዝሙሮች በኦሮምኛም በአማርኛም አስዘመራቸው። እያሳላቸው፣ ውሃ እየተጎነጩ፣ የቀረ የለም እስኪሉ ድረስ ዘመሩ። ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ የመብራት ፈረቃችን ሲደርስ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጣሉ፤ ልጄ ባርኮት ትከፍትላቸዋለች። የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሚፈታ ብታይ!

አንቲቫይረስ ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው ክርክር የተነሳው በዚሁ መሃል ነው። ሾላ ገበያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ቶፊቅ መንገድ ላይ አግኝቶኝ አንቲቫይረስ አስጭኑበት አለኝ። ዮፍታሔ ግን ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ጭራሽ ያንቀራፍፈዋል፣ ደግሞስ ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ቫይረስ ከየት ይመጣል አለ። አንተንም በስልክ ስንጠይቅህ ያልከን ይህንኑ ነበር። ልወቅስህ አይደለም ወንድሜ፤ ነገሩ ከሁላችንም በላይ ነበር። ተመልሼ ለቶፊቅ ብነግረው፣ «እህቴ፣ ይሄ በሽታ በሽቦ ብቻ አይመጣም፤ እንግዳም በኪሱ ይዞት ይገባል» አለኝ። እሱም ቢሆን መድኃኒቱ በየጊዜው ከኢንተርኔት ካልታደሰ አዲስ የመጣውን በሽታ እንደማያውቀው አልደበቀኝም። እንግዲህ ምን ይደረግ? በሽታው እንዳይገባ ኢንተርኔት አናስገባም፤ መድኃኒቱ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት አይበረታም። ግራ ገብቶን ዛሬ ነገ ስንል ቆየን።

በዚህ መሃል የኳየራችን መሪ ጵርስቅላ መጣች። የአባባ መዝሙሮች በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለባቸውም፣ ኳየሩም ያጥናቸው ብላ በፍላሽ ልትገለብጣቸው ነው። ሐሳቧ ደግሞ ትክክል ነበር። ፍላሹን ሰካች፣ ገለበጠች፣ ጸልየን ተለያየን። በማግስቱ አባባ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ሲስቡ ባርኮት ከፈተችላቸው። የመዝሙሮቹ ስም እንደነበረ ተደርድሯል፤ ሲጫኑት ግን ዝም ነው። አንዱን ተወችና ሌላውን ሞከረች፤ እሱም ዝም። እንባዋ ሲወርድ አባባ እጇን ያዝ አድርገው ከማሽኑ ላይ አነሱላት። ጵርስቅላ የወሰደችውም ስሙ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ዮፍታሔ ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቶፊቅ ጋ ወሰደው። ቶፊቅ የቻለውን ሞከረ፤ ፒያሳ የሚያውቀው ባለሙያ ዘንድም ይዞት ሄደ። በፍላሹ የገባው ቫይረስ በመዝሙሮቹ ላይ ሌላ ነገር ጽፎባቸዋል፣ ከእንግዲህ ያለበት ሁሉ ጠፍቶ ማሽኑ እንደ አዲስ ቢጫን ነው የሚሻለው አሉ። እኔ አይነካ አልኩ። ምናልባት አንድ ቀን የሚመልሰው ሰው ይገኝ ይሆናል ብዬ ነው። ቶፊቅም አቀርቅሮ፣ «አላታልልሽም፣ የሚመለስ ነገር የለም» አለኝ።

ጵርስቅላ ይህን ስትሰማ መጥታ አባባ እግር ላይ ወደቀች። አባባ አንስተው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ ባርኮት ደብተሮች አመለከቱ፤ ማሽኑን ልጅቷ ትማርበት ማለታቸው ነው። በመዳፋቸውም ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ጠረጉ። አጥፉት አሉን። ምን ብዬ እከራከራለሁ?

አሁን የነበረው ሁሉ ጠፍቶ ማሽኑ እንደ አዲስ ተጭኗል፣ አንቲቫይረስም አለው። ማደሻውን ቶፊቅ እያመጣ ይሰጠናል፤ የሚያመጣው ግን በፍላሽ ነው፣ እኔም ሲሰካው አጠገቡ ቆሜ እጸልያለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጵርስቅላና ሽማግሌዎቹ እየመጡ መዝሙሮቹን ለማስታወስ ይሞክራሉ። ቃሉ አንዳንዱ ይገኛል። ዜማው ነው ያስቸገረው። ጵርስቅላ ትሞክራለች፣ አባባ ራሳቸውን ነቅንቀው አይደለም ይላሉ። ደግማ ትሞክራለች፣ አሁንም አይደለም። እንዲህ ነው ሊሉን አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ምንም አይወጣም።

ባሮክዬ፣ በልጅነትህ ከሁላችንም አብልጠህ የምትከተላቸው አንተ ነበርክ። ትዝ የሚልህ ዜማ ካለ፣ ቁራጭም ቢሆን፣ ደውለህ ዘምርላቸው። ስልኩን እኔ ጆሯቸው ላይ እይዘዋለሁ። መመለስ አይችሉምና ዝም ሲሉህ እንዳትዘጋው።

አባባ ሁለቱንም ጉንጭህን ስመውሃል። ዮፍታሔ በጣም ናፍቆሃል፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከልቡ አልወጣለትም። ባርኮት አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። ጵርስቅላም ሰላም ብላሃለች፣ በጸሎትህ አስባት። ከአንተ ጋር ላሉት ልጆች ሁሉ ሰላምታችንን አድርስልን። ጌታ ከክፉ ይጠብቅህ።

እህትህ ኢፍቱ ዋቅጅራ
የካ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.