ለአባባ ከርነልን ሳስረዳቸው

ውድ ወንድሜ ሀፊዝ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጅዳ እንዴት ይዛሃለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው የበረታብን።

የመመረቂያ ሥራዬን ማክሰኞ ኮምቦልቻ አቀረብኩ። አባባም ከደሴ አብረውኝ ወረዱ። ሚኒባሱ ውስጥ "ምንድን ነው የሠራሽው?" አሉኝ።

"ዲስኩን የሚነካው ከርነል የሚባለው የኮምፒውተሩ ዋና ክፍል ብቻ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ፋይል ሲፈልጉ እሱን ይጠይቃሉ። የኔው ፕሮግራም ጥያቄያቸውንና መልሱን ያሳያል" አልኳቸው።

"እንቢ ቢላቸውስ?" ብለው ሳቁ።

ሐረጎ ስንደርስ "ምንድን ነው የሠራሽው?" አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው፤ ደግመው ሳቁ።

ፈታኞቹ ፊት ፕሮግራሜ ምንም ሳያሳይ ቀጥ አለ። ኮዱን መልሼ አየሁት። ለካ ከርነሉ "ይህን ፋይል መክፈት አልተፈቀደልህም" ብሎ መልሶለታል፤ እኔ መልሱን እንዲያይ ስላላዘዝኩት ያንኑ መላልሶ ይጠይቃል። አንድ መስመር ብጨምርበት ሠራ፤ አለፍኩ! አባባ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡልኝ።

ሰኞ ገበያ ያለውን የአባባን ሱቅ አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ። አባባን ከመስጊድ ወደ ቤት ጎረቤታችን አቶ በሺር ያደርሷቸዋል። "ሰዎቹ መንገዱን እየቀያየሩት አስቸገሩኝ" ይላሉ አባባ። ለዒድ እንደምትመጣ ስነግራቸው በጣም ደስ ይላቸዋል፤ በየቀኑ እነግራቸዋለሁ።

ስትደውልላቸው ግን፣ ወንድምዓለም፣ መጀመሪያ ስምህን ንገራቸው።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፤ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ሰልዋ፣ ከደሴ