ስለ ቦይለሩ ያልነገርኩህ

ግርሜ፣

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። አንድ ጊዜ ዋሽቼሃለሁ፤ ሁለተኛ አልደግመውም። ከተለየኸኝ ዛሬ አሥር ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ቤቱን ሰው ይሞላዋል፤ ያኔ ለአንተ የምጽፍበት ልብ አይኖረኝም። ስለዚህ ቀደም ብዬ ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። ልጃችን ቤዛ ኢገን ከተማ ያለው አፓርታማዋ ገብቼ አብሬያት እንድኖር መጨቅጨቋን አልተወችም። እኔ ግን በሃሎዊን በዓል ዕለት ያ ከባድ በረዶ በጣለበት ዓመት የገዛነው ቤት ውስጥ አለሁ። የላይኛው ፎቅ መስኮት አሁንም ነፋስ ያስገባል፤ የወጥ ቤቱ በር አሁንም በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም። የተለወጠው ትልቁ ነገር ከምድር በታች ያለው ቤዝመንት ውስጥ ነው። ቤቱን በእንፋሎት የሚያሞቀው ያ የምትወደው ቦይለር ወጥቷል። በመዶሻ ሰባብረው ብረቱን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ በደረጃው አወጡት። በቦታው የገባው ቁመቱ ከልብስ ማጠቢያው አይበልጥም፤ ድምፅም የለውም። ሙቀቱን በየክፍሉ የሚያደርሱት ራዲያተሮች ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ሲሞቁ እንደ ልማዳቸው ቋ ቋ ይላሉ።

አዲሱ ውኃውን ራሱ ይጨምራል። መቼና ስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ የሚያዘው ሳሎን ግድግዳ ላይ ያለው ቴርሞስታት ነው። ባለሙያው ሁለት ዓይነት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ነበር፤ አንዱ እንደ ድሮው በእጅ የሚዞር ክብ፣ ሌላው የሳምንቱን ቀን ሁሉ በየሰዓቱ በቁልፍ የሚሞሉት። እኔ ወደ ክቡ እጄን ስዘረጋ ቤዛ ሌላውን አነሳች። ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እነግርሃለሁ። ሰዓቱን ራሴ ልሙላ ብዬ ደግሞ ጉድ ሆንኩ፤ የምነሳው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነውና አሥራ ሁለት ላይ አደረግኩት። በእኛ አቆጣጠር መሆኑን መቼ አሰብኩ? ሳምንት ሙሉ ጠዋት እየተንቀጠቀጥኩ ለባብሼ ሥራ ስሄድ፣ ማንም በሌለበት ቀትር ላይ ቤቱ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። አንተ ብትኖር እስከ ፋሲካ ትስቅብኝ ነበር።

ቅዳሜህ ትዝ ይለኛል። ቁርስ ሳትበላ ትወርዳለህ። ከቦይለሩ ጎን ያለውን የብርጭቆ ቱቦ በባትሪ ታየዋለህ፤ ውኃው ከግማሽ ከወረደ ቧንቧውን ከፍተህ ትሞላና በክር ባንጠለጠልከው ካርቶን ላይ በዚያ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍህ ቀኑን ታሰፍራለህ። አምና ጥቅምት ላይ እጅህ እስክሪብቶ መያዝ ሲያቅተው መጻፉን ተውከው። መውረዱን ግን አልተውክም። ደረጃው ላይ እየተቀመጥክ አንድ በአንድ ትንፏቀቅ ነበር፤ እኔ ከፊትህ እየወረድኩ እግርህን ይዤ አስቀምጥልህ ነበር። ይቅርብህ ስልህ ትቆጣለህ። ይህን ከእኔ በቀር ያየ የለም። በሰው ፊት እንዲነሳ አትፈልግም ነበርና እኔም አላነሳሁትም።

ሆስፒታል ስትተኛ ሥራውን ለእኔ ሰጠኸኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እይው አልከኝ። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ግን ውኃ እንዳትጨምሪ፤ አጥፍተሽ እስኪበርድ ጠብቂ፤ የጋለ ብረት ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ከገባ ይሰነጠቃል አልከኝ። እሺ አልኩ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አጠገብህ ወንበር ላይ ዋልኩ፤ ሁለተኛውንም እንደዚያው። በማግስቱ እሑድ ዓይንህን ገልጠህ፣ ውኃ ሰጠሽው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። አዎ አልኩህ። ደስ አለህ፤ እጄን ጫን አድርገህ ያዝክ። ማክሰኞ አረፍክ።

ዓርብ ቀበርንህ። ለቅሶው ላይ ከኩን ራፒድስም ከቡርንስቪልም፣ ከየከተማው ሰው መጣ። በዚያ ብርድ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፤ ቦይለሩም ያለ ዕረፍት ይነዳል። ቅዳሜ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥኩ ውኃው ትዝ አለኝ። ግን ሐዘንተኛ ከፍራሽ ተነሥታ ቦይለር ልይ እንዴት ትላለች? ባሏን ትናንት ቀብራ ዛሬ ስለ ቧንቧ ታስባለች ይሉኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ሰኞ ቤቱ መቀዝቀዝ ጀመረ። አዛውንቶቹ ካፖርታቸውን ደርበው ኩርምት ብለው ሳይ አላስቻለኝም፤ መጸዳጃ ቤት የምሄድ መስዬ ወረድኩ። ብርጭቆው ባዶ ነው፤ እሳቱ ግን ይነዳል። ያልከኝ ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። የታየኝ እንግዶቼ በረዳቸው የሚለው ብቻ ነው። ቧንቧውን ከፈትኩት። ብረቱ ጓ ብሎ ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ውኃው እግሬ ሥር ፈሰሰ። ሁሉንም ዘጋግቼ፣ እግሬን በነጠላዬ ጠርጌ ወደ ፍራሼ ተመለስኩ። አለቀስኩ፤ ሰው ለአንተ መሰለው።

ባለሙያው መጥቶ አየና፣ ውኃ ሳይጨመርበት ቆይቶ ደርቆ ነው አለ። ቤዛ ካርቶኑን አነበበች። የመጨረሻው ቀን የጥቅምት ነው። ዳዲ ታምሞ ረስቶት ነው፣ ለእኛም አልነገረንም ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሁሉን ነገር ራሱ የሚሠራውን ቴርሞስታት የመረጠችልኝ ለዚህ ነው፤ እንደ ዳዲ እንዳይሆን። እኔም ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ለቅሶ የመጡት ወንዶች ተራ በተራ ወርደው አይተው፣ ምስኪን ግርማ፣ ለካ መርሳት ጀምሮት ነበር እያሉ ወጡ። የጎረቤት ልጅ የልደት ቀን እንኳ የማትረሳውን አንተን ነው እንዲህ ያሉት። አጠገባቸው ተቀምጬ አንዲት ቃል አልወጣኝም። አፈርኩ፤ ፈራሁ።

ከዚያ ወዲህ ለመናገር ሞክሬያለሁ። በአርባህ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው፤ ልጄ፣ ሐዘን ብዙ ያሳስባል፣ አትጨነቂ አሉኝ። ባለፈው እሑድ መኪና ውስጥ ለቤዛ ነገርኳት። ማሚ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ራስሽን ብሌም አታድርጊ ብላ ትከሻዬን አሸት አሸት አደረገችልኝ። ብምል አይዞሽ ይሉኛል፤ ብቆጣ ሐዘኗ ባሰባት ይላሉ። ምን ላድርግ ግርሜ? ጥፋቴን እንኳ የሚቀበለኝ ሰው አጣሁ።

ሙት ዓመትህ ላይ ወንዶቹ አዲሱን ቦይለር ለማየት መውረዳቸው አይቀርም፤ እዚያው ቆመውም ያንኑ ይላሉ። እኔ እንደገና እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም እንደገና ያባብሉኛል። ቤዛም ነገ ልጆች ስትወልድ፣ አያታችሁ በመጨረሻው ይረሳ ነበር እያለች ታወራላቸዋለች። ላስቆማት አልችልም። የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ እውነቱን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ። አንተ አልረሳህም። የረሳሁት እኔ ነኝ። ይህን አልረሳም።

አልማዝህ