ለአንድ ላፕቶፕ አንድ ዋይፋይ ይበቃዋል ላሉት ኃላፊ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተርና የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የሚስጥር ቁጥርዎም ያልተረሳ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ባለችው የመጨረሻ ክፍል የማስተምር የአምስተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። በመልክ ባያስታውሱኝ እንኳ ባለፈው ሳምንት ከመስኮቴ ላይ ነቅለው በወሰዱት ዕቃ እንደሚያስታውሱኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤውን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በኢሜይል እንዳልልክልዎ ክፍሌ ውስጥ ኢንተርኔት ስለሌለ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ የሰሌዳው አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የማስተማሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ አለ፤ በላፕቶፑም በኩል የምትማር አንዲት ተማሪ አለችን። ከሁሉም አጭር በመሆኗ ጓደኞቿ ድምቢጥ ይሏታል። ድምቢጥ ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ወዲህ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኝታ ነው የምትውለው። ፀጉር ሠሪ የሆነችው እናቷ ጠዋት ለአክስቷ አደራ ሰጥታት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ የተዋሰችውን ታብሌት በትራስ አስደግፋ ታቆምላታለች። ርዕሰ መምህራችንም በስም ጥሪ ጊዜ ፊቷ ስክሪኑ ላይ ከታየና “አቤት” ካለች እንደ ተገኘች ይቆጠርላት ብለው ፈቅደዋል። ከክፍል ብዙ ጊዜ የቀረ ተማሪ ግን የዓመቱ ፈተና ላይ አይቀመጥም፤ ክፍል ይደግማል። የድምቢጥ ዓመት እንግዲህ በዚህች “አቤት” ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ላፕቶፑ አብሮት የተሠራ ዋይፋይ አለው፤ አልካድኩም። ነገር ግን ክዳኑ ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ኢንተርኔቱን የሚያሰራጨው ራውተር ሥር ካላስቀመጡት በስተቀር በቅጡ አይሰማም፤ የእኔ ክፍል ግድግዳ ደግሞ እንኳን ዋይፋይ የርዕሰ መምህሩን ደወልም በግድ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ አንቴና ያላት፣ አውራ ጣት የምታህል ውጫዊ የዋይፋይ ካርድ ገዝቼ፣ በኬብል አስረዝሜ የመስኮቱ ብረት ላይ ሰቀልኳት፤ ሁለቱ እንዳይሻሙም የላፕቶፑን የራሱን ዋይፋይ አጠፋሁት። ካርዷን ነፋስ እየጣለ ቢያስቸግረን፣ ድምቢጥ አልጋዋ ላይ ሆና ከቢጫ ክር የጎነጎነችውን ማሰሪያ በእናቷ እጅ ላከችልን። ከዚያ በኋላማ ጥርት ብላ ትታየን ነበር፤ እንዲያውም ከኋላ ወንበር ማን እንደሚያወራ ሁሉ እየተናገረች ከግማሽ ክፍሉ ጋር ተኳርፋ ነበር።

እርስዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ፍጥነትዎ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ፕሮጀክተራችን ከተበላሸ ጀምሮ ደጅ ብንጠናዎትም ክፍላችን የት እንደሆነ ጠፍቶዎት የቆዩት እርስዎ፣ አንዲት ካርድ መስኮት ላይ ተሰቅላለች ሲባሉ ግን በውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለውን አቋራጭ ሳይቀር አውቀው ከተፍ ብለዋል። በዚያው ፕሮጀክተሩንም ያዩልናል ብዬ ነበር፤ ሥራ ስለበዛብዎት ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

፪. “ላፕቶፑ የራሱ ዋይፋይ እያለው ሌላ መደረብ ትርፍ ነው” በማለት የሰጡት ትንታኔ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ያን ጊዜ መልስ ያልሰጠሁዎት መነጽርዎን እያየሁ ስለነበር ነው። ክቡርነትዎ ሲፈጠሩ አብረዎት የተሠሩ ሁለት ዓይኖች እያሉዎት፣ ሌላ ሁለት መስታወት ከውጭ ጨምረው ጆሮዎ ላይ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ትርፍ ነው ብሎ መንገድ ላይ አስቁሞ የነጠቀዎት ሰው ግን የለም። እንዳይነጥቅዎትም እጸልያለሁ፤ ያለ መነጽር የራስዎን ቢሮ በር እንደሚስቱ ዘበኛችን አጫውቶኛልና። የእኛም ላፕቶፕ ነገር ያው ነው። አለው፤ ግን አይሠራለትም።

፫. ካርዷን ከወሰዱበት ጠዋት ጀምሮ፣ የላፕቶፑን የራሱን ዋይፋይ መልሼ ብከፍተውም፣ ድምቢጥ በስም ጥሪ ጊዜ አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ትደርቃለች፤ ድምፅዋም የሚደርሰን መዝገቡን ከዘጋን በኋላ ነው። ጓደኞቿ፣ የተኳረፏት ሳይቀሩ፣ ስሟ ሲጠራ በአንድ ላይ “አቤት!” እያሉ ሊያድኗት ሞክረው ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ በአርባ ድምፅ ተገኘች ብል ርዕሰ መምህሩ የሚያምኑኝ አልመሰለኝም። ስለዚህ ቀሪ ብዬ ጻፍኩባት። ስጽፍ ምስሏ ተመልሶ ነበርና እያየችኝ ነው የጻፍኩት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ክቡር ሆይ፤ አዝኛለሁ፤ በእርስዎም በጣም ተናድጃለሁ።

፬. አራተኛውን ቅሬታ የጻፍኩት ንዴቴ ሳይበርድ ስለነበር ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ቁጥሩን ብቻ ለማስታወሻ ይሁንዎ ብዬ ትቼልዎታለሁ።

፭. መላ እንዲፈልጉልን ስለምንዎት “ላፕቶፑን ወደ ራውተሩ ያስጠጉት” ብለው ስለመከሩኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ምክርዎን እንደ ትእዛዝ ተቀብዬ በሥራ አውያለሁ። ራውተሩ የተሰቀለው ኮሪደሩ ላይ፣ ከቢሮዎ በር አናት በመሆኑ፣ ላፕቶፑ ያለ መምህርቷ፣ መምህርቷም ያለ ተማሪዎቿ መሄድ ስለማይችሉ፣ ክፍሉ በሙሉ ወንበሩን ተሸክሞ ከሰኞ ጀምሮ ደጅዎ ላይ ከትሟል። ውጤቱም እጅግ ያማረ ነው፤ ድምቢጥ “አቤት” ስትል አሁን እስከ ውጭው በር ድረስ ይሰማል። የማባዛት ሠንጠረዡን በኅብረት ስንለው ስልክ ማነጋገር እንዳቃተዎት ሰምቼ አዝኛለሁ። ሐሙስ ደግሞ የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ስላለን ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ በደንብዎ መሠረት ያዘጋጀነው ከበሮ አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ዝናቡ እየመጣ ነው፤ የኮሪደሩ ጣሪያ እንደሚያፈስ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ዝናቡ ሲጀምር ከዚህ መነሣታችን አይቀርም፤ ያለ ካርዷ ወደ ክፍላችን ከተመለስን ደግሞ ድምቢጥ ፈተናው እስኪደርስ ቀሪ ስትባል ትከርማለች፤ ከጓደኞቿም ወደ ኋላ ትቀራለች። ካርዷን ይመልሱልንና ደጅዎን እንልቀቅልዎ። እስከዚያው ግን እንደ እንግዳ እንዳይሰማዎ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ወንበር ይዘንልዎታል፤ ወደ ቢሮዎ ለመግባት ተራ ሲጠብቁ አረፍ ይበሉበት።

በርዎን ሲከፍቱ ከክፍልፋይ ትምህርት ጋር እንዳይጋጩ ከሚሳሳልዎ ጥልቅ አክብሮቴ ጋር፣

የአምስተኛ ክፍል መምህርት፣ ለጊዜው የደጅዎ ጎረቤት

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህሩ
አሁንም ለሚጠብቅዎ ፕሮጀክተር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ትናንት ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ፣ ሻይ የምታመጣልዎ ሴት በርዎን ከፍታ ስትገባ የላፕቶፓችን ካሜራ ወደዚያው ዞሮ ስለነበር ድምቢጥ ቢሮዎን አይታዋለች። ጠረጴዛዎን ፀሐይ ወዳለበት ጥግ፣ ከብረት ቁም ሣጥኖቹ ጀርባ እንዳዛወሩ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ተቀምጠው የላፕቶፕዎ የራሱ ዋይፋይ አልሰማ ብሎዎት እንደሆነ እገምታለሁ። እሷ ግን ከላፕቶፕዎ ጎን የተሰካችውን ካርድ በቢጫ ክሯ ለይታታለች። አልተቆጣችም። እንዲህ ያለ ካርድ የሚያስፈልገው ከአልጋው መነሣት ላልቻለ ሰው ብቻ ስለሚመስላት፣ እርስዎም ታመው እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። ዛሬ ጠዋት ከስም ጥሪ በፊት ክፍሉን በሙሉ አስነሥታ “ምሕረቱን ያምጣልዎ!” አስብላልዎታለች። ቢሮዎ ሆነው የሰሙት ጩኸት እሱ ነው።