ዘጠነኛውን አንቀጽ ሲጠብቁ ያለፉት እትዬ አንቀጽ

ባልደረቦቻቸው "እትዬ አንቀጽ" የሚሏቸው ሕግ አርቃቂ፣ ከቆጣሪ አንባቢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የአምስት ልጆች ታላቅ ስለነበሩ ገና በልጅነታቸው የዕቃ ማጠብ ተራ አውጥተው ግድግዳ ላይ ለጠፉ፤ ተራውን የዘለለም እጥፍ እንዲያጥብ ደነገጉ። መጀመሪያ የተቀጡት ራሳቸው ነበሩ። ታናናሾቻቸው ይህን እያነሡ ሲስቁባቸው ኖረዋል።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው ሕግ አጠኑ። በሃያ አራት ዓመታቸው በምክር ቤቱ የሕግ ማርቀቂያ ክፍል ተቀጥረው፣ መስኮቱ አልገጥም ካለው የሦስተኛ ፎቅ ቢሮ እስከ ጡረታቸው አልወጡም። የሒሳብ መምህር የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ምግብ ማብሰል ግን አልሆነላቸውም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያቃኑ ስንት ድስት እንዳረረ ቤተሰቡ ያውቀዋል።

ትልቁ ሥራቸው የአካባቢ ኤሌክትሪክ መስመሮችን ደኅንነት የሚያጠናክረው ሕግ ነው። በዚያን ጊዜ ሌቦች የየሰፈሩን ትራንስፎርመር ዘይቱን እየቀዱ፣ መዳቡን እየፈቱ ይሸጡ ነበር። ከቋሚ ኮሚቴው ጋር አንድ መብራት የጠፋበት ሰፈር ሲጎበኙ፣ አንድ ጡረተኛ ባቡር ነጂ መብራት አጥቶ ሥራ ካቆመ የኦክስጅን ማሽን አጠገብ ተኝተው፣ ልጃቸው በካርቶን ስታራግብላቸው አዩ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም። በማግሥቱ ዘጠነኛውን አንቀጽ ጻፉ፤ እያንዳንዱ ሰፈር መጠባበቂያ ትራንስፎርመር እንዲኖረው፣ የጠፋው ወይም የተበላሸውም በአንድ ቀን እንዲተካ የሚያዝ ነበር።

ኮሚቴው አጥሩንም ጥበቃውንም የሌባውንም ቅጣት ወደደ። ዘጠነኛው ግን ወጪው ከበደው። ሰብሳቢው፣ "እትዬ፣ ይሄ ይቅርና ሌላው ይለፍልን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አሏቸው። "እግር እስኪያወጣ በማሽን የሚተነፍስ ሰው አይጠብቀውማ!" ብለው መለሱ። ያም ሆኖ ሕጉ ከነጭራሹ እንዳይቀር ሰግተው እያረሩ ተስማሙ።

አንቀጽ ሲሰረዝ የተከታዮቹ ቁጥር ይስተካከላል፤ የሙያው ደንብ ነው። እሳቸው ግን ቁጥሩን እንዳለ ተዉት፤ ሕጉም ከስምንት ወደ አሥር ዘልሎ ጸደቀ። ስህተት ነው ሲባሉ፣ "ቦታ ይዤለት ነው" አሉ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ከዚያ ወዲህ በጀት በመጣ ቁጥር ደጅ ጠንተዋል፤ ጡረታ ወጥተውም አልተዉትም። የሰማቸው የለም። ይህ ሲያንገበግባቸው ኖሯል፤ ዛሬ ደግሞ ቤተሰባቸውን ያንገበግባል።

ከሦስት ዓመት በፊት ሳንባቸው ታሞ እሳቸውም በማሽን መተንፈስ ጀመሩ። ባለፈው እሑድ የሰፈራቸው ትራንስፎርመር ተዘረፈ። ባለቤታቸው የኦክስጅን ሲሊንደር ፈልገው አመጡ፤ እሱም አለቀ። ሌላ ሲፈለግ ዋለ። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሆስፒታል ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ደጃፍ ላይ ሳለ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ እጃቸው በሴት ልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አራት ታናናሾቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ሌቦቹ እሳቸው ባረቀቁት ሕግ መሠረት ማክሰኞ ጠዋት ተይዘዋል፤ ብዙ ዓመትም ይታሰራሉ። ትራንስፎርመሩን በቶሎ ተኩ ብሎ የሚያስገድድ አንቀጽ ግን ስለሌለ ሰፈሩ አሁንም ጨለማ ነው። ይህ ጽሑፍ እንኳ የታተመው ሌላ ሰፈር ተሄዶ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያለ ማሽን እፎይ በሚሉበት ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን።