ቤቴ ውስጥ የሚሰማው የወንድ ድምፅ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ እማማ፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከሁሉ በፊት እሱን ልጠይቅ፣ ሌላው ሰላምታ ይከተላል። ከወንበር ሲነሱ አሁንም ጠረጴዛውን ይደገፋሉ? ከመሄዴ በፊት ያመጣሁልዎ ቅባት አልቆ ከሆነ እንዳይደብቁኝ፤ እርስዎ ሕመምዎን እንደተሰረቀ ዕቃ ነው የሚሸሽጉት። ሴት ልጅዎስ ደህና ናት? ልጆቿስ? ትንሿ ያ ሲነቃነቅ የነበረው ጥርሷ ወለቀ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ልቤም ደህና ነው ብዬ ብጽፍ ግን እጄ ይታዘበኛል፤ ምክንያቱን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል።

ደጋግሜ ደወልኩ፣ አላነሱም። ለእርስዎ ብዬ የሰፋሁትን ቀሚስ በሰፈራችሁ ታክሲ ሹፌር እጅ ብልክ፣ ሳይፈታ ከነመጠቅለያው ተመለሰ። ምን በድዬ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ስለራሴ የሚወራውን የሰማሁት ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። የነገረችኝ ሴት ልጅዎ ናት፣ እሷም በስልክ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። የባለቤቴ አክስት ልትጠይቀኝ መጥታ ኖሯል። ደረጃውን ጨርሳ በሬ ላይ ስትደርስ ከውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማች። ለማንኳኳት ያነሳችውን እጇን መልሳ አውርዳ፣ በመጣችበት እግሯ ወደ እርስዎ ገሠገሠች። «የልጅሽ አፈር ሳይደርቅ ምራትሽ ወንድ አስገብታለች፤ ያውም ቁጡ፣ ‹በቃሽ!› እያለ የሚጮህባት» አለችዎ። እርስዎም ስሜ ከእንግዲህ በዚያ ቤት እንዳይነሳ አዘዙ አሉ።

አልተቆጣሁም። አይ፣ ውሸቴን ነው፤ ተቆጥቻለሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤ ቢደርስዎ ኖሮ አሁን ይሄንን አያነቡም ነበር። ቀድጄ ጣልኩት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ረጋ ብያለሁ። እና በግልጽ ልንገርዎ፦ አክስቱ የሰማችው እውነት ነው። ቤቴ ውስጥ የወንድ ድምፅ አለ። ከምሳ በኋላ ይጀምርና እስኪመሽ ይጮሃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ከእርስዎ ቤት የወጣሁ ዕለት ሊቀመንበሩን ከነሽቦ ቤቱ ያሸከሙኝ እርስዎ ነዎት። መቼም ስሙን ያወጣለት ልጅዎ ነበር፤ ይህ በቀቀን ማንንም ሰው ንግግሩን አያስጨርስም፣ ሁሌ የመጨረሻውን ቃል የሚናገር እሱ ነው ብሎ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግን ሊቀመንበሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፍሬውን ይበላል፣ ላባውን ያበጥራል፣ አለቀ። ሐዘን ነው አልን። እርስዎም «ይኼ እኮ ዲዳ ሆኖ ቀርቷል፤ ውሰጂው፣ ብቸኝነትሽን ያስረሳሻል እንጂ አያስቸግርሽም» አሉኝ። የአዲሷ ቤት አከራዬ ከሁሉ በላይ የምትጠላው ጫጫታ መሆኑን ስትነግረኝ፣ እኔም በእርስዎ ቃል ተማምኜ «ዲዳ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብዬ ማልኩላት።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። መስኮቱ የጋራዥ ቆርቆሮ ጣሪያ ያያል። ጨርቅ የምቆርጥበትም የምበላበትም አንድ ጠረጴዛ ነው፣ ስለዚህ ከምግቤ ክር የማላወጣበት ቀን የለም። የስፌት መኪናዬን ግድግዳው ጥግ አስቀመጥኩ፣ ሊቀመንበሩን ከመስኮቱ አጠገብ ሰቀልኩ። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። መኪናዋን ከሐዘኑ ጀምሮ ነክቻት አላውቅም ነበር፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማን መኪና ያንጫጫል? ጨርቅ አልብሰናት የአበባ ማስቀመጫ ሆና እንደነበር ያስታውሳሉ።

ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንድሰፋ አዘዘኝ። መኪናዋን ዘይት አጠጣሁ፣ ቺንጋዋን አጠበቅኩ፣ ተቀመጥኩና ፔዳሏን ረገጥኩ። ገና እጅጌውን ይዤ ግማሽ እንኳ ሳልሄድ፣ ከኋላዬ አንድ ሰው በጩኸት «በቃሽ አሁን! ዓይንሽ እስኪጠፋ ነው? ተነሽ፣ ብይ!» አለኝ።

እማማ፣ የእሱን ድምፅ የሚመስል አይደለም። የእሱ ነው። ያ ሻካራነቱ፣ ያ ጣውላ መሰንጠቂያ ውስጥ ሲውል ከመጋዙ ጋር እየተፎካከረ የለመደው ጩኸቱ፣ ሰው ሁሉ ደንቆሮ የሚመስለው ነገር፣ «ብይ» ሲል መጨረሻ ላይ የምትለሰልሰዋ እንኳ አልቀረችም። እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ። መርፌዋ ዝም ብላ ሄደች፤ እጅጌውን ካንገትጌው ጋር ሰፍቼዋለሁ። ዘወር ብዬ ማየት አቃተኝ። ካየሁ ወፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ካላየሁ ግን ቆሟል፣ ጫማውን እያወለቀ ነው። በስተመጨረሻ አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ጨርቁ እስኪርስ አለቀስኩ።

ትዝ ይልዎታል አይደል፣ ከሥራ ሲገባ ሁሌ የሚያገኘኝ መኪናዋ ላይ ነበር። ከመኪናዋ በላይ ካልጮኸ አልሰማውም። ወፉ የያዘው ይሄንን ነው፦ መኪናዋ ስትንጫጫ እሱ ይጮሃል፤ ሁለቱ ለእሱ አንድ ነገር ናቸው። እርስዎ ቤት መኪናዋ ዝም ስላለች እሱም ዝም አለ። ሁላችንም ሐዘን ነው ስንል፣ ለካ ተራው እስኪደርሰው እየጠበቀ ነበር።

አከራዬማ ብዙም አልቆየች፣ ደረጃውን ወጥታ በሬ ላይ መጣች። ትህትናዋ አይነገርም። «ባለቤትሽን ቀስ ብለው ይናገሩ በይልኝ። የእኔው ሰውዬ የሌሊት ጥበቃ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ይተኛል» አለችኝ። ባለቤቴ እንደሞተ ነገርኳት። እኔን አየች፣ ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች። ሊቀመንበሩ፣ መኪናዋ ገና መቆሟ ነበርና አንዴ የተፈታ አፉ አልተዘጋም፣ ይሄኔ «እንግዳ መጣ! ወንበር አቅርቢ እንጂ!» አላት። እማማ፣ ሴትዮዋ ወንበር ራሷ ስባ ቁጭ አለች! ነገሩ ሲገባት እንባዋን በሻሿ እየጠረገች ስትስቅ፣ ስትስቅ ቆየችና በድንገት ኮስተር ብላ «ዲዳ ነው ብለሽ ምለሽልኝ አልነበር?» አለች። መቼም ይቺን ቤት ተሰናብቻታለሁ ብዬ ነበር። ግን ሰው ናት። ጠዋት መኪናዋ እንዳትነሳ፣ ከምሳ በኋላ ግን «እንደፈለጋችሁ» ብላ ተስማማን። ጠዋት ጠዋት በእጄ ጠርዝ እሰፋለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ከሰዓት እኔና ሊቀመንበሩ እንጯጯሃለን።

የፎቁ ሴቶች ግን ግማሾቹ አሁንም ክፉ ባል ያለኝ ይመስላቸዋል። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «አይዞሽ እህቴ፣ የእኔም ድሮ እንዲህ ነበር» እያሉ እጄን ጨበጥ ያደርጉኛል። ሁሉንም አላርምም፤ እውነቱን ልናገር። ብቻዋን የምትኖር ሴት በር ላይ ማንም እየመጣ «እሳት አለሽ?» ይላል። የወንድ ጩኸት ያለበት በር ግን አይንኳኳም። ልጅዎ ሞቶም ይጠብቀኛል።

ታዲያ ይሄንን ሁሉ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ይሉ ይሆናል። ፈርቼ ነው። ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው መሳቢያ ውስጥ ሲከቱት አይቻለሁ፤ ማየት አልቻልኩም ብለው። ፎቶውን መቻል ያቃተውን ሰው፣ ይምጡና ድምፁን ይስሙ እንዴት ይሉታል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው ነቀዘ።

በስልክ ላሰማዎት ሞክሬ ነበር። ሴት ልጅዎ ስልኳን ወደ እርስዎ እንድታስጠጋ ተማክረን፣ እኔም የእኔን ወደ ሽቦ ቤቱ አስጠግቼ ፔዳሏን ረገጥኩ። ሊቀመንበሩ ስልኩን አየው፣ በአፉ ነካው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ጭጭ አለ። እንደ እውነተኛ ሊቀመንበር በስልክ አይናገርም። እርስዎ ዘንድ ልውሰደው ብልም መኪናዋ ካልቀሰቀሰችው አፉ አይፈታም፤ ይህችን ብረት ደግሞ ከሦስተኛ ፎቅ የሚያወርዳት ሰው የለም።

መኪናዋም ብትሆን አርጅታለች። ዩኒፎርሙ መሃል ላይ ጥርሷ ተሰብሮ ቆመችብኝና ከገበያው ወዲያ ያለውን የስፌት መኪና ጠጋኝ ጠራሁት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገር ጎንበስ ብለው ካልሰሙት አይሰማም። መሬት ላይ ተቀምጦ ፈታትቶ ገጠማትና ለመሞከር ሲረግጣት ያ የልጅዎ ድምፅ «በቃሽ አሁን!» ብሎ አንባረቀበት። ሰውየው ዘወር ሳይል፣ እጁን ሰብስቦ ወደ ግድግዳው እንደዞረ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። የማን ድምፅ እንደሆነ ስነግረው ግን አልሳቀም። ተነሳ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለሊቀመንበሩ እጅ ነሳ፣ ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

እማማ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ይምጡ። አክስቱንም ይዘዋት ይምጡ፣ አልቀየምኳትም፤ የሞተ ሰው ድምፅ ከበር ጀርባ ይሰማል ብሎ ማን ይጠብቃል? አከራዬ ለጉልበትዎ ብላ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ወንበር አስቀምጣለሁ ብላኛለች። እያረፉ ይወጣሉ። ከመኪናዋ አጠገብ አስቀምጥዎታለሁ፣ ፔዳሏን እረግጣለሁ፣ ሌላውን እሱ ይነግርዎታል። ካስለቀሰዎት አብረን እናለቅሳለን። ካላስቻለዎት አቆመዋለሁ፣ እግሬን ከማንሳት ሌላ ምን አለው።

ሳይዘጋጁ እንዳይሰሙት ብቻ አንዱን ልንገርዎ። መኪናዋን አቁሜ ስነሳ፣ ያን ጊዜ ሊቀመንበሩ አይጮህም። ልጅዎ ከመቀመጡ በፊት ሁልጊዜ ይጠይቀኝ የነበረውን ይጠይቀኛል፦ «እማዬስ በላች?» መጀመሪያ ሰሞን «በልታለች» እለው ነበር፣ በስልክ ጠይቄዎ ስለማውቅ። አሁን ስልክ አያነሱም። በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ እኔ ግን የምመልስለት የለኝም። ይኼኛው ነው ያቃተኝ። የሰውን ሐሜት እችለዋለሁ፣ ቀሚሱ መመለሱንም ችዬዋለሁ፤ የእሱን ጥያቄ ግን ያለ መልስ ማደር አልቻልኩም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሌላ ሰው ሳይነግርዎ ከእኔ እንዲሰሙት ስለፈለግኩ ነው። ሰሞኑን ሊቀመንበሩ አዲስ ነገር ይዟል። ሲመሽ፣ መኪናዋም ጸጥ ስትል፣ በልጅዎ ድምፅ ሳይሆን በሌላ፣ ጎንበስ ብለው ካልሰሙት በማይሰማ ድምፅ፣ «ደህና እደሪ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሪው» ይላል። ይህ ወፍ አንዴና ሁለቴ የሰማውን እንደማይዝ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ሲመጡ ከሰሙት አይደንግጡ። ዓይኔን አይተው የሚሉኝን ይበሉኝ፤ የእርስዎን ቃል ሳልሰማ ምንም አላደርግም፣ አላደረግኩምም።

መኪናዋ ደህና ናት። ከተጠገነች ቆየች።

ጉልበትዎን ያጽናልዎ። እንቅልፍዎን የሰላም፣ ጠዋትዎን የደስታ ያድርግልዎ። ልጆቹን ይሳሙልኝ። ክፉ አይንካዎ፣ ዕድሜዎ ረዝሞ ገና ብዙ ይቆጡኝ።

አሁንም ከፈቀዱልኝ፣
ልጅዎ