ለእህቴ «እርስዎ» ብሎ ስለጻፈላት ረቂቅ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የመረጃ ቴክኖሎጂ አገልግሎት ኃላፊ

ጤናዎ የተሟላ፣ ስልክዎ ጸጥ ያለ፣ የኢሜይል ሣጥንዎም የጸዳ እንዲሆንልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ደጅ ልጠናዎ የተገደድኩት ቀደም ሲል የጻፍኩልዎ አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

እኔ በዚህ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት የመማሪያ መጻሕፍት አርታኢ ሆኜ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳቃና የኖርኩ ሰው ነኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ ክፍልዎ፣ ለሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ሳልጠይቀው በስሜ ረቂቅ መልስ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ስላስገባልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩. ረቂቆቹ አያልቁም። አንዱን ስነቅል ሌላው ይበቅላል፤ አራሚውን አረም ዋጠው። ባለፈው ሰኞ ሁለት መቶ አሥራ አራት ደርሰው ነበር። እንዲጠፉልኝ የለመንኳት የክፍልዎ ባለሙያ «ጋሼ፣ ረቂቅ እኮ ነው፤ ካልላኩት ምን ይጎዳዎታል?» ብላ አጽናናችኝ።

፪. ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጦ ማጥፋት ይቻላል ተባልኩና መረጥኩ። ሁሉም ሲመረጡ ግን የማጥፊያዋ ቅርጫት ምልክት ከቦታዋ ተነስታ የመላኪያዋ ምልክት እንደምትተካት የነገረኝ አልነበረም። ጣቴ የለመደው ቦታ ላይ አረፈ፤ ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ሄዱ። የአማታቸውን ሞት ጽፈውልኝ ለነበሩት ለማተሚያ ክፍሉ ሹም «ይህን መልካም ዜና ስላካፈሉን ደስ ብሎናል» የሚል ደረሳቸው። ደግ ሰው ናቸውና «አማቴን ታውቃቸው ነበር እንዴ?» ብለው ስቀው አለፉኝ።

፫. ሦስተኛው አያስቅም። ሁለት ዓመት ያላነጋገረችኝ ታላቅ እህቴ፣ የምታውቀው አድራሻዬ የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ሰሞን ጽፋልኝ ነበር። የተኳረፍነው የእናታችንን የሕይወት ታሪክ በለቀስተኛ ፊት ስታነብ ሰዋስዋን ስላረምኩ ነው፤ በዚህ ክፍልዎን አልከስም። ደብዳቤዋ ሦስት መስመር ነው፤ የፊታችን ሐሙስ ለቀዶ ጥገና ትገባለች፣ ፈርታለች፣ እመጣ እንደሆነ ትጠይቃለች። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ስለማላውቅበት መልሴን ሦስት ቀን እየጻፍኩ እሰርዝ ነበር። እርስዎ ግን አልተቸገሩም፤ «የተከበሩ እመቤት፣ ጥያቄዎ ደርሶናል። በሥራ ጫና ምክንያት መገኘት ባንችልም መልካሙን ሁሉ እንመኝልዎታለን» ብለው ላኩልኝ።

ይህ አንቱታ በቤታችን ምን ማለት እንደሆነ ፕሮግራምዎ ሊያውቅ አይችልም። እናታችን ተቆጥታ አባታችንን አንቱ ያለችው ቀን እኛ ልጆቹ እግራችንን ሰብስበን ነበር የምንቀመጠው። እኔና እህቴ ተደባድበን እንኳ ከአንተና ከአንቺ ወጥተን አናውቅም። የመለሰችልኝ ሁለት ቃል ነው፤ «ገባኝ፣ አንቱ።»

ከዚያ ወዲህ ስልኳን አታነሳም። ቤቷ ስሄድ ባሏ በሩን ገርበብ አድርጎ «ተኝታለች» አለኝ፤ ከኋላው ስታስል ይሰማኝ ነበር። ማሽን ነው የጻፈው ብዬ ብምል ብገዘት አላመነኝም። ክቡርነትዎ፣ አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው፤ ደብዳቤው እኔን ይመስላል።

ስለዚህ ፕሮግራሙን እንዲያጠፉልኝ አልለምንም፤ ጉዳዩ «በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንደሚታይ» ሰምቻለሁ። የምለምነው አንድ ወረቀት ነው፤ ያንን የጻፈው የእርስዎ ማሽን እንጂ ወንድሟ እንዳልሆነ የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ ከረቡዕ በፊት የሚደርሰኝ። እባክዎ፣ ረቂቅ አይሁን።

ቃል ባጠረኝ ሰዓት ቃል ስላዋሱኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በስሜ የተጻፈውን ሁሉ ከተቀባዮቹ የምሰማው ታዛዥ ሠራተኛዎ፣

የሁለተኛ ፎቁ አርታኢ

ማሳሰቢያ፦ ወረቀቱ ደረሰም አልደረሰም ሐሙስ ሥራ አልገባም፤ እህቴ ብታስገባኝም ባታስገባኝም ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እቀመጣለሁ። በዕለቱ ለሚመጡልኝ ደብዳቤዎች ፕሮግራምዎ እንዳሻው ይመልስ። ሌላ እህት ስለሌለኝ፣ ከእንግዲህ ሊያበላሽብኝ የሚችለው ነገር የለም።