አያ ጃርትን ያለ ለቅሶ ለሸኙት ኃላፊ

ለክቡር አቶ ደግፌ ጉልላት፣
የልጆች ንባብና መዝናኛ ቤት ኃላፊ፣
ወላይታ ሶዶ

ኅዳር 27 ቀን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎና ለልጅዎ ለሊድያም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እኔ በማስጠንቀቂያዎ ካልሆነ በቀር በምንም አልታመምኩም። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱ ግን ከእርስዎ ሹመት በፊት የጀመረ ስለሆነ በእርስዎ አላሳብብም።

በጥቅምት ወር የጻፉልኝ ማስጠንቀቂያ በጥበቃው በአቤ እጅ ደርሶኛል። አቤ ወረቀቱን ሲሰጠኝ፣ በወላይታ ወግ እናቴ ብሎ ጠርቶኝ፣ ‹አዬ ሳህሊቱ፣ የሚያነብልዎት ሰው ፈልገው ያስነብቡ ብለዋል› አለኝ። ስለ አሳቢነትዎ እጅግ አመሰግናለሁ። የሚያነብ ሰው ብፈልግ ቤት ውስጥ ራሴን አገኘሁ። ወረቀቱ ‹ለንባብ ቤቱ የካርቱን ገጸ ባሕርይ ያልተፈቀደ ለቅሶ በማዘጋጀት የሕፃናትን አእምሮ ስለረበሹ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቅዳሜው ትርኢት እንዳይገቡ› ይላል። ደጄ ላይ ቆሜ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ድገሚልን ስለተባልኩ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያዩ ሌሎች ሰዎች ነገሩ እንዲገባቸው ግን ከሥሩ ልጀምር። አያ ጃርት ለብዙ ዓመታት የቆየ የልጆች ካርቱን ነው። የመጀመሪያው ትውልድ የተሠራው ልጄ ማኅሌት ሕፃን ሳለች ነበር። ያን ጊዜ እሷ ከጎረቤት ቤት እየሄደች ስታየው እኔ ገበያ ቅቤ እሸጥ ነበርና አላየሁትም። በኋላ ሁለተኛ ትውልድ መጣ፤ አሁን ደግሞ እርስዎ ሦስተኛውን አመጡልን። እኔ የበዴሳ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ጃርት ጎደሬያችንን ቆፍሮ ሲጨርስብን ነው ያደግኩት። አባቴ አንጁሎ ዕድሜውን ሙሉ ስለ ጃርት አንድ መልካም ቃል ሳይናገር ነው ያለፈው። የእሱ ልጅ ጃርት ወደደች ከተባለ፣ ጃርቱ ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ ክቡርነትዎ ይገምቱ።

የዛሬ ሦስት ዓመት የልጅ ልጄን ባርኮትን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ንባብ ቤቱ የማድረስ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። ሌሎችም እንደኔ ልጅ የሚያደርሱ ነበሩና፣ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ስድስት አሮጊቶች ሆነን ተደርድረን እንጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ የሚታየው የመጀመሪያው ትውልድ ነው። አያ ጃርት መነጽሩን ይጠርጋል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከጀርባው አንድ እሾህ ይመዝና በእንሰት ቅጠል ላይ አንድ ፊደል ከነሰባት ቤቱ ይጽፋል። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ፊደል። ጽፎ ሲጨርስ ምንም ሳይናገር ቁጭ ብሎ ያየናል። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ አንድ ደብተር ተገዛና ለወንድሜ ለሻንቆ ተሰጠ፤ ለእኔ እንስራ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ እስኪገባኝ ድረስ ዝም ብሎ የጠበቀኝ የመጀመሪያው ፍጡር ይህ ጃርት ነው። በዓመቱ የዕድር መዝገብ ላይ ስሜን በራሴ እጅ ስጽፍ፣ ዳኛችን አቶ ወልደመስቀል መነጽሩን አውልቆ ‹ማን ጻፈልሽ?› ብሎ ጠየቀኝ። እጄ ገና ከወረቀቱ ላይ አልተነሣም ነበር።

ዘንድሮ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ በዓል ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ክቡርነትዎ አዳራሹ ድረስ ደክመው መጡ። ንግግር አደረጉ፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ የራስዎን ፎቶግራፍ በትልቅ ፍሬም አሰቀሉ፤ የመጀመሪያውን ትውልድ ዲስኮች ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉና ሦስተኛውን በፍላሽ ከፈቱልን። ‹ለዘመኑ ልጅ የሚመጥን› አሉ። የዘመኑ ልጅ ባርኮት በዚያች ሰዓት አግዳሚው ሥር ገብታ ጫማዋን ትፈልግ ነበር።

ቅሬታዎቼን እንደ ቢሮ ሥርዓት በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እሾሁ። የመጀመሪያው አያ ጃርት በእጅ የተሣለ ነው። ሠዓሊው ሲደክመው ነው መሰለኝ አንዳንድ ቀን እግሩ ሦስት ይሆናል፤ እሾሁ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ጩጩ የሚባል የወንድም ልጅ መጣና ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጦ የሚያስል ሰው ሆነ። ለእውነቱ ያህል፣ የሁለተኛው ትውልድ ዝናብ ጥሩ ተደርጎ ተሥሏል፤ ያን አልክድም። በሦስተኛው ግን ጩጩ ብቻውን ቀርቷል፤ እሾሁም ልጆችን ያስፈራል ተብሎ ከነጭራሹ ተነቅሏል። ጃርት ያለ እሾህ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ የተላጠ ጎደሬ ነው። ዓይኑ ሰሃን ያህላል፤ ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ቆሞ ከጣሪያ ጣሪያ ይበራል፤ ወድቆም አያመውም። የድሮው በሦስተኛው ክፍል አንዴ ተደናቅፎ እስከ ዘጠነኛው ክፍል ድረስ ያነክስ ነበር። ባርኮት ሰው ሲወድቅ እንደሚያመው ያወቀችው ከእሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊደሉ። በሁለተኛው ትውልድ ጩጩ ፊደሉን በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይዘፍነዋል። በእሱ የጀመሩ ልጆች ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቁም፤ ከመካከል አንዱን ነጥለው ቢጠይቋቸው እንደገና ከሀ ተነሥተው እየዘፈኑ ካልመጡ አያገኙትም። በሦስተኛው ትውልድ ደግሞ ፊደሉ ሞልቶ ወደ ሻንቶ እንደሚበር ሚኒባስ ሽው ብሎ ያልፋል፤ እጃችንን ብናነሣም አይቆምልንም። በፊደሉ ፈንታ የተላጠው ጃርት ‹ህልምህን ተከተል› የሚል ምክር ይሰጣል። የድሮው ምክር ‹እጅህን ታጠብ› ነበር። አሁን ልጆቻችን ህልማቸውን ተከትለው ይሄዱ ይሆናል፤ እጃቸው ግን ከትርኢቱ በኋላ በምን ቀለም እንደሚመለስ መጥተው እንዲያዩ በትሕትና እጋብዛለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ለቅሶው። የተከሰስኩበት ነገር ይህ ስለሆነ በዝርዝር ብጽፍ ይታገሡኝ። በሦስተኛው ትውልድ ሽማግሌው አያ ጃርት ከቤት የለም። የት እንደሄደም አንድ ቃል አይነገርም። ግድግዳው ላይ ግን ፎቶው በትልቅ ፍሬም ተሰቅሎ ይታያል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከቤት ጠፍቶ ፎቶው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል፣ ነገሩ ምን እንደሆነ የሦስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ባርኮት ወደ እኔ ዞራ ‹አዬ፣ መቼ ሞተ? ለምን አልነገሩንም?› አለችኝ። እኔም እንደ ሕግ አክባሪ ዜጋ ኃላፊውን እንድትጠይቅ ወደ ክቡርነትዎ ላክኋት። ክቡርነትዎም ሥራ ስለበዛብዎት ራሷን ዳብሰው ብስኩት ሰጧት። ስለ ሞት የጠየቀ ልጅ ብስኩት ከተሰጠው ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለልጆቹ የቀረ ጥርጥር አልነበረም።

በማግሥቱ እሑድ አሥራ ሁለት ልጆች ግቢዬ ውስጥ ማዳበሪያ በሁለት እንጨት ወጥረው ድንኳን ሠሩ። ባርኮት የአያ ጃርትን መልክ በከሰል ሥላ በርጩማ ላይ አቆመች። እኔ ጓሮ ነበርኩ። ጎረቤቴ የማርያምወርቅ፣ እንደኔው የኋላው አግዳሚ ተማሪ የነበረችው፣ ከገበያ ስትመለስ ድንኳንና አንገቱን የደፋ ሕፃን አየች። እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው ዘንቢሏን አስቀምጣ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ማን እንደሞተ የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው። አያ ጃርት መሆኑን ሲነግሯት ግን ከፊተኛው አብልጣ ጮኸች። በጩኸቷ መንደሩ ተጠራ። አቶ ወልደመስቀል የዕድሩን አግዳሚዎች በጋሪ አስልኮ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ራሱ ደረሰና የሟቹን ስም ለመዝገብ ጠየቀ። ባርኮት ‹ጃርት› አለችው። ‹ጃርት ማን?› አላት። ‹ጃርት ብቻ ነው፤ አባቱ በቴሌቪዥን አልታየም› ብላ መለሰችለት።

አቶ ወልደመስቀል መዝገቡን ዘጋ። ነገር ግን ሰው ተቀምጦ ነበር፣ ንፍሮውም በስሎ ነበር። ስለዚህ ‹እንግዲህ ከመጣን አይቀር› ብሎ እሱም ተቀመጠ። እስከ አሥር ሰዓት ቆዩ። ሁለት ሰዎች ስለ ሟቹ ጨዋነት ተናገሩ፤ አንደኛው ካርቱኑን አይቶት አያውቅም፣ ያም ሆኖ ጥሩ ተናገረ። የእኔ ድርሻ ንፍሮውን መቀቀል ብቻ ነበር። ክቡርነትዎ ‹አዘጋጅ› ብለው የጻፉኝ ለዚህ ከሆነ ጥፋቴን አምናለሁ፤ ጨውም በዝቶበት ነበር።

አራተኛ፣ ስለ የማርያምወርቅ። ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው፤ እስካሁን የጻፍኩት ለማሟሟቂያ ነው። የማርያምወርቅ የጀመረችው ከእኔ ዘግይታ ነው። ክቡርነትዎ ቁም ሳጥኑን የቆለፉት ‹ወ› ላይ በደረሰች ቅዳሜ ነበር። መ አላት፣ ረ አላት፣ ቀ አላት፣ ወም አላት። የስሟ መጀመሪያ የሆነው ‹የ›፣ መካከል ላይ ካለው ከልጁ ከ‹ያ› ጋር፣ አራት ቅዳሜ ቀርቶት እርስዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። በዕድር መዝገብ ላይ ‹ማር› ‹ምወርቅ› ብላ ትጽፍና ከፊቱና ከመካከሉ ባለው ባዶ ቦታ አውራ ጣቷን ትጫናለች። ለምን አንቺ አታሳያትም ይሉኝ ይሆናል። ሞክሬአለሁ። ‹በአያ ጃርት የጀመርኩትን በአንቺ አልጨርስም፤ አንቺ ሰው መጠበቅ አታውቂም፤ ሁለተኛውን ሳልጽፍ ትሰድቢኛለሽ› አለችኝ። ይህን በመስማቴ ሰደብኳት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

አምስተኛ፣ ስለ አግዳሚው። ከለቅሶው ወዲህ አዋቂ ሁሉ እንዳይቀመጥበት የከለከሉት የኋላው አግዳሚ የዕድራችን ንብረት ነው፤ ያዋስንዎት እኛ ነን። ሰኞ በጋሪ ይወሰዳል።

እንግዲህ ስለ ሁሉም ነገር ምስጋናዬ የላቀ ነው። በተለይ ቁም ሳጥኑን በመቆለፍዎ አመሰግንዎታለሁ፤ ምክንያቱም ባይቆልፉት ኖሮ ቀጥሎ የምጽፈው ነገር አይሆንም ነበር። ወንድሜ ሻንቆ፣ ያ ደብተሩን የወሰደው፣ ከበዴሳ ለገበያ ሲመጣ ከጎደሬ ማሳው የለቀመውን አንድ እቅፍ የጃርት እሾህ ይዞልኝ መጣ። ስለ ደብተሩ ምንም አላለም፤ ስለ ጎደሬው ብቻ አማርሮ ሄደ። ባርኮት እሾሆቹን በመቀነቴ ጀርባዋ ላይ አሰረች፣ መነጽሬን ወሰደችብኝ፣ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል አስቆረጠችን፣ ከዚያም ጉሮሮዋን ጠራረገች። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ፊደል። የማርያምወርቅ አያ ጃርት እስከሆነ ድረስ ማን እንደለበሰው ግድ የለኝም ብላ ከፊት ተቀመጠች።

በአራተኛው ቅዳሜ ባርኮት አንድ እሾህ መዝዛ ‹የ›ን ጻፈችና ዝም አለች። የማርያምወርቅም ዝም ብላ አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር፤ ይህንን ምስክሮች አሉኝ። በመጨረሻ እሾሁን ከባርኮት እጅ ወስዳ ቅጠሉ ላይ ስሟን ከራሱ እስከ እግሩ ጻፈችው። ቀጥሎ እኔን ዞር ብላ አይታ ‹ይኸው ሰው ሲጠበቅ› አለችኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። ቁም ሳጥኑን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ይክፈቱልን። ገና ከ‹ደ› ጀምሮ ያለው ይቀረናል፤ ባርኮት ደግሞ በየክፍሉ አንድ ሙዝ መጠየቅ ጀምራለች፣ ከትናንት ወዲያ ሁለት ብላለች። የተላጠውንም ጃርት አያጥፉት፤ እሱም የሚወደው ልጅ አይጠፋም፣ ከሰዓት በኋላ ይብረር። ጠዋቱን ግን እሾህ ላለው ይተዉልን።

የወንበርዎን ዕድሜ የጠዋት ጥላ ያህል እንዲያረዝምልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

ሳህሊቱ አንጁሎ (በራሴ እጅ)
ምስክር፦ የማርያምወርቅ (በራሷ እጅ፣ ሙሉውን)

ማሳሰቢያ፦ ልጅዎ ሊድያም ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዬ ትመጣለች፤ ባርኮት ለጀማሪዎቹ ለብቻ ከ‹ሀ› ስለጀመረችላቸው ‹መ› ላይ ደርሳለች፣ ጎበዝ ናት። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ተሰብስበው መጡና፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ በትልቅ ፍሬም የተሰቀሉት ሰው መቼ እንዳረፉ ጠየቁኝ። ሊድያ ጠዋት ቁርስ ሲበሉ እንዳየችዎ መሰከረች፤ ሌሎቹ ግን ቢሮ ውስጥ ያየዎት ሰው እንደሌለ አንሥተው ብርቱ ክርክር ሆነ። አቶ ወልደመስቀል አግዳሚዎቹን ለማንኛውም በረድፍ አዘጋጅቷቸዋል። እኔም ስንዴውንና ሽምብራውን ለቅሜ አስቀምጫለሁ፤ መልስዎን እስካይ አልዘፈዝፈውም። በዚህኛው ጨው አላበዛም።